እህቴ የቋጠረችው ውሃ

እናታችን ስታርፍ ለእኔ ሬዲዮዋ ደረሰኝ፤ ለእህቴ ደግሞ ኪኒኗ። ሬዲዮው ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተቀምጧል፤ ከማንኮራፋት በቀር ሌላ ድምፅ አያሰማም። ኪኒኑ ግን ሠርቷል። እንዴት እንደሠራ ነው የማጫውታችሁ።

እህቴ ታላቄ ናት። በስንት ዓመት እንደምትበልጠኝ እንደ ቦታው ይለያያል፤ ስትቆጣኝ እናቴ ለመሆን ጥቂት ይቀራታል፣ ሠርግ ቤት ስንሄድ ደግሞ መንታዋ ነኝ። እሷ የምትኖረው ቡራዩ ነው፣ እኔ ሰበታ፣ ልጇ ሱሉልታ። ሲሰሙት ጎረቤታሞች እንመስላለን። ነገር ግን ለመጠያየቅ ከተማውን ሰንጥቀን፣ ከአንዱ የታክሲ ሰልፍ ወደ ሌላው ተሻግረን ነውና ለገና ብዬ ከቤት የተነሣሁ ለጥምቀት ነው የምደርስላቸው።

እናታችን የመጨረሻ ዓመታቷን እህቴ ጋ ነው ያሳለፈችው። ልቧ ስለደከመ እግሯ ያብጥ ነበር። ማበጥ ስላችሁ እንደ ማንኛውም ሰው እግር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት እንግዶች ከጉልበቷ በታች ገብተው የተኙ ነበር የሚመስለው። ሐኪም ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን አዘዘላት። ጠዋት እህቴ ኪኒኑን ትሰጣታለች፣ ደግፋ ሽንት ቤት ታመላልሳታለች፤ ለምሳ እንስራ የነበረው ነገር የሰው እግር ይሆናል፣ ቁርጭምጭሚት ብቅ ይላል። እህቴ ያን ቁርጭምጭሚት ስታይ የጠፋ ዘመድ የተገኘላት ያህል ነበር ደስታዋ። እናታችንን ከሞት የሚያስቀራት ነገር በዓለም ላይ ካለ ያቺ ነጭ ኪኒን ናት ብላ አመነች። ኪኒኗ አላስቀረቻትም። እምነቱ ግን ቀረ።

በቀብሩ ዕለት እህቴ አላለቀሰችም። ድንኳኑ ዘመመ ብላ ታስተካክላለች፣ ወንበር ጎደለ ብላ እድሩን ታዛለች፣ ሬሳ ወጥቶ ሁላችን ስንጮህ እሷ ውሻውን ያሰረ ሰው እንዳለ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ለቀስተኛ ለመቀበል ፍራሽ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀን ከቀን ሳትነሣ። እግሯ አበጠ። ሰው እግሩን አጥፎ ሲውል ማበጡ ያለ ነው፤ የእድሩ ሴቶች ግን እንዲህ ያለ ተራ ነገር አይቀበሉም።

«እንባዋን ቋጥራው እኮ ነው» አለች አንዷ። «መውጫ ሲያጣ ወደ እግሯ ወረደ።»

በአማርኛችን የማይቋጠር ነገር የለም። ስንቅ ይቋጠራል፣ ቂም ይቋጠራል፣ ግንባር ይቋጠራል፤ ሽንብራውም ፍሬ ይቋጥራል። ውሃም ይቋጠራል። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ ሰው ነኝ፤ «እትዬ፣ እኛ በዓይናችን ስናለቅስ አንቺ በእግርሽ ነው እንዴ?» አልኳት። ፍራሹ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከእናታችን መሳቢያ ከተረፉት ኪኒኖች አንዱን ዋጠች፣ ሲመሽ እግሯ ቀጥኖ ወጣች።

«ወጣልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ሐዘኑ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ለሐዘን የተዋጠ ኪኒን ለሐዘን ብቻ አይቀርም። ከወር በኋላ ማታ ማታ እግሯ ያብጥ ጀመር፤ ጠዋት ደግሞ የዓይኗ ሽፋን። እሷ መለኪያዋ ማተቧ ነበር። ጠዋት ተነሥታ ጣቷን በማተቧና በአንገቷ መካከል ትሰድዳለች። ጣቷ ከገባ ቀኑ ጥሩ ነው። ካልገባ «ማተቤ ጠበበኝ» ትላለች፤ ያን ቀን ኪኒን አለ። ሐኪም ቤት አልሄደችም እንዳትሉ፣ ሄዳለች። ልቧን አዩት፣ ኩላሊቷን አዩት፣ ጉበቷን አዩት፣ ደሟን ለማየት የቀዱት ደግሞ በእኔ ግምት አንድ ጀሪካን ይሞላል። ሁሉም ጤና ሆነ።

«ምንም የለብዎትም» አሏት።

እጅግ የከፋው ቃል እሱ ነው። ስሙ የታወቀ በሽታ ቢነገራት ኖሮ ታለቅስ፣ ስለት ትሳል፣ ትድን ነበር። «ምንም የለብሽም ይሉኛል» አለችኝ፤ የካልሲዋ ላስቲክ በእግሯ ዙሪያ የቆፈረውን ቦይ እያሳየችኝ። «ታዲያ ይሄ ማን ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።

ደግሞ ሰው አለ። ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ደግ ሆኖ ነው የሚያጠፋህ። ጎረቤቷ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቤት ሳይሆን በፊት እዚያው አርሰው የኖሩ፤ በኦሮምኛ ኦቦ ነው የምንላቸው። ጠዋት ወደ ታክሲ ስትሄድ በር ላይ ያገኟታል።

«አካም ጅርታ! ዛሬማ ባዬ ጋሪ፣ በጣም አምሮብሻል፣ ፊትሽ ሞላ። ቡራዩ ተስማማሽ!»

«አሜን ኦቦ፤ እርስዎም ደኅና ይሁኑልኝ» ብላ ጎንበስ ትላለች። ቀጥሎ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ቤት ትመለሳለች። የምትመለሰው ለሁለተኛዋ ኪኒን ነው። ሽማግሌው ሊያስደስቷት ብለው በተናገሩ ቁጥር እህቴ አንድ ባልዲ ውሃ ታወርዳለች። እኔማ አንድ ቀን «ኦቦ፣ እባክዎ ከስተሻል ይበሏት» ልላቸው ነበር፤ ግን ለሰው ከስተሻል ማለት በእኛ ዘንድ ስድብ ነውና እምቢ ማለታቸው አይቀርም ብዬ ተውኩት።

ሥራዋ ከተማ ነው፣ ቢሮ። ይህን ኪኒን ውጦ ከቡራዩ ታክሲ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀን ላይ ውሃ መጠጣት ተወች፤ ሻይም ተወች፤ ከንፈሯ እንደ የካቲት መሬት ተሰነጠቀ። እስከ ቢሮዋ ድረስ ያለውን ሽንት ቤት ሁሉ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ጭምር፣ በቃሏ ታውቃለች። እኔ «ቱሪስት ቢመጣ አስጎብኚ መሆን ትችያለሽ» ስላት አትስቅም ነበር። ቆይታ ቆይታ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ የለ? ሰውነት መታጠብ ይወዳል።»

አንድ ጊዜ ወደ ሰበታ ደወለችልኝ። «ለጎረቤቴ አንድ ኪኒን ፈልግልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል» አለች። ስሙን ፊደል በፊደል ነገረችኝ፤ የእሷ ከእናታችን መሳቢያ ገና አላለቀም ብዬ አልጠረጠርኩም። ፈልጌ ላክሁ። ሌላ ጊዜ ደግማ ደወለች። ላክሁ። ጎረቤቷ ታሳዝነኝ ስለነበር ሳልጠየቅም የላክሁበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ልጇ እዚያው ሱሉልታ የራሷን ቤት ሠርታ ገባችና ልንመርቅላት አብረን ሄድን። አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታ ሚኒባስ ተሳፈርን፤ እህቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ አጠገቧ፣ ወያላው እኛ ላይ። ዳገቱን ስንጀምር እጄን ያዘችኝ። የእሷ እጅ ግን የሰው እጅ አልነበረም፤ ጣቶቿ እንደ ዶሮ እግር ተኮማትረዋል።

«ባቴን ጅማት ያዘኝ» አለች። «ልቤ ደግሞ… ልቤ ቆም ቆም ይላል።»

«ትራፊክ ይዞት ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። በሕይወቴ ቀልዴ አፌ ውስጥ የቀዘቀዘው ያን ዕለት ነው።

«ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ።

«ፋዘር፣ ዳገት ላይ እኮ ነን፤ እዚህ መውረጃ የለም» አለ ወያላው። ከዚያ ፊቷን አየና ጣራውን በመዳፉ ደበደበ። ሹፌሩ ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው አዞረው። የሁሉም መንገድ ወደ ላይ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አላጉረመረመም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አጥፋ ከእህቴ ራስ ሥር አደረገች። ቁልቁል ወደ ከተማው ስንበር እህቴ የልቧን ምት በጣቷ ጉልበቴ ላይ ትመታልኝ ነበር፤ ምቱ ሲዘል ጣቷም ይቆማል። እሷ ጣቷን ስታቆም እኔ ትንፋሼን አቆማለሁ።

ሐኪም ቤቱ ያገኘናት ዶክተር ወጣት ናት፤ ድካም የተጫነው ቁጡ ፊት ያላት። ደሟን አይታ መጣችና «ፖታሲየም የሚባለው የደም ጨው አልቋል ማለት ይቻላል። ልብ ያለ እሱ መንገዱን ይስታል። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር» አለች። «የሚወስዱት ኪኒን አለ?»

«አልፎ አልፎ» አለች እህቴ። «አንዲት።»

እኔ ለመርዳት ብዬ ነው፤ «ዶክተር፣ የሽንት ኪኒን ከሰበታ ልኬላት ነበር፤ ግን ለጎረቤቷ ነው» አልኩ።

በሩ ላይ የእህቴ ልጅ፣ ደውዬላት፣ ደርሳ ቆማለች፤ የምርቃቱን ልብሷን እንደለበሰች። «ጋሼ፣ አንተም?» አለች።

«አንተም ማለት?»

«እኔም ከሱሉልታ እልክላታለሁ። ለጎረቤቴ ብላኝ።»

ዶክተሯ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። «ይቺ ጎረቤት አለች?»

«ካለች በዚህ ሁሉ ኪኒን እስካሁን ደርቃ ቋንጣ ሆናለች» አልኩ። ማንም አልሳቀም። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ተናገረች። ቡራዩ ላይ ራሷ ትገዛ ነበር፤ መድኃኒት ቤቱ ለማን እንደሆነ ሲጠይቃት «ለእናቴ» ትላለች። እኛ የቀበርናት እናታችን በአንድ ከተማ ከሞት ተነሥታ፣ በሌሎቹ ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ጎረቤት ሆና ኪኒን ስትውጥ ኖራለች።

«የሚያሳብጥዎት እሱ ኪኒን ነው» አለች ዶክተሯ።

«የሚያወርደኝ እሱ ነው እንጂ።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የት ነው የሚኖሩት?»

«ቡራዩ።»

«ውሃ በፈረቃ ነው?»

«እሱም ሲያስታውሱን።»

«ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«ያለኝን ሁሉ እሞላለሁ፤ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር።» እውነቷን ነው፤ የእህቴ ቤት ውስጥ ከሰው ጀሪካን ይበዛል፤ እንግዳ ሲመጣ ጀሪካን አስነሥተን ነው የምናስቀምጠው።

«ሰውነትዎም እንዲሁ ነው» አለች ዶክተሯ። «ውሃውን በኪኒን በየቀኑ ስለሚቆርጡበት ፈርቷል። ጠብታ ባገኘ ቁጥር ይሞላል፣ ይደብቃል። እርስዎ ያን አይተው ደግመው ይቆርጡበታል። በመጀመሪያ ለምን እንዳበጡ አላውቅም፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ ምክንያቱ አይገኝም፣ ቀላል ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። አሁን ያለው ግን የኪኒኑ ነው። ካቆሙ ለሳምንታት ያብጣሉ፤ እግር ብቻ አይደለም፣ ፊትም፣ እጅም። ያስፈራል። ከዚያ ራሱ ይወርዳል። መሃል ላይ ከወሰዱ ግን እንደ አዲስ ነው፤ ልብዎ ደግሞ ሌላ እንደ አዲስ አይችልም።»

እህቴ በክርኗ ቀና አለች። «ልጄ፣» አለች፣ «ውሃው ከእንግዲህ እንደማይቆረጥ ሰውነቴ በምን ያምናል? አንቺ ቡራዩ ኖረሽ አታውቂም።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ልጇ አዞረች።

ሱሉልታ ልጇ ጋ እንድትቆይ ተስማማን። እኔ ሰበታ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ዞሬ፣ ብመጣ እንዳይሸጡልኝ ለመንኩ፤ አንዱ ባለመድኃኒት እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ቡራዩም ሄጄ ለባለመድኃኒቱ እናታችን መሞቷን አረዳሁ። ሱሉልታውን ልጇ ዘጋች።

ከዚያ እብጠቱ መጣ። እኔ የማጋነን ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ሳላጋንን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሚጨመርበት የለም። እግሯ አበጠ፣ እጇ አበጠ፣ ከንፈሯ አበጠ፤ ዓይኖቿ ሁለት ስንጥቅ ሆኑ። ማተቧን ልጇ ፈትታ ላላ አድርጋ አሰረችላት። የሱሉልታ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ፣ እግሯ ትራስ ላይ ተሰቅሎ፣ ጨው የሌለው ወጥ ብዪ ስትባል ትውላለች። መስታወቱን በነጠላ ሸፈንነው። ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ትከናነባለች። እሑድ እሑድ እየሄድኩ ሳላገባቸው የቀሩትን ሴቶች ዝርዝር አጫውታታለሁ፤ ቁጥራቸው በየሳምንቱ ይጨምር ነበር።

«አንዲት ብቻ» አለችኝ አንድ እሑድ። ድምፅዋ ከትራስ ሥር የሚመጣ ይመስላል። «አንዲቷ ምን ታደርጋለች? በእናታችን ሞት!»

«እትዬ፣ እናታችን እኮ ሞታለች። መማያው አልቋል።»

«ቆዳዬ ሊፈነዳ ነው እኮ፤ አንተ ምን አለብህ? ወሬኛ! የእናቴ ልጅ አይደለህም፤ ከሰበታ ገበያ ነው የገዙህ!»

«ሲገዙኝማ ነበርሽ፤ ጥርሴን ቆጥረሽ የመረጥሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሳቀች። ያበጠ ፊት ሲስቅ ያማል፤ እያማት ሳቀች። የችግሩን ዳገት የወጣን መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ መሃል ልጇ ደወለችልኝ። እየጮኸች ነው። «ጋሼ! ወረደላት! ተነሥታ ተራመደች፤ ና እያት!» ሰበታ ያለችኝን ትንሽ ሱቅ ዘግቼ በረርኩ።

እውነትም ወርዷል። እህቴ ጫማ አድርጋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇ እንደ ሕፃን ታጨበጭባለች፤ ሁለት ጎረቤቶች ተመስገን እያሉ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ወጥቷል፣ አጥንቱ ሳይቀር ይቆጠራል። እኔም ተመስገን ልል አፌን ስከፍት የዶክተሯ ቃል ትዝ አለኝ፤ ሳምንታት ብላለች። ደግሞ እንዲህ በአንድ ጀምበር አይደለም። ከንፈሯን አየሁት፤ ተሰንጥቋል።

ልጇን ሱቅ ላክኋት። ጎረቤቶቹ ሄዱ።

«ከየት አገኘሽ?»

«ምኑን?»

«እትዬ።»

«ከሆለታ» አለች።

የቢሮ ባልደረባዋ ናት፤ የሆለታ ሰው፣ ለታማሚ ብርቱካን ይዛ የመጣች ደግ ሴት። ከብርቱካኑ ሥር አድርጋ አመጣችላት። ለጎረቤቴ ነው ተብላ።

«ሆለታን ሳልዘጋ» አልኩ። «ዱከምስ?»

«ዱከም ሰው የለኝም።»

ሁለታችንም ልንስቅ ነበር። አልሳቅንም።

«ልትነግራት ነው?» አለችኝ።

ልጇ የሄደችበትን መንገድ አየሁ።

«አየሃት አይደል? ስታጨበጭብ? አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ይህን ልትቀማት ነው?»

«ልብሽ ቢቆምስ?»

«ቀስ ብዬ አቆማለሁ። እኔው ራሴ። ይኸው ማልሁልህ።» ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከነገርካት ወንድም የለኝም። እውነቴን ነው፤ ቀልድ አይደለም» አለች።

ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እህቴ ቂም ስትይዝ እናታችንን እንኳ ሁለት ፋሲካ ሳታናግር አልፋለች።

ልጇ ስኳርና ሳሙና ይዛ ተመለሰች፤ ገና ከበሩ እየሳቀች። ነገርኳት። እዚያው በረንዳው ላይ፣ እናቷ ፊት። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ማን ጋ እንደሚሄድ ግራ እንደገባው እንግዳ። ከዚያ ገብታ አልጋውን ገለበጠች፣ ኪኒኑን ከትራሱ ልብስ ውስጥ አወጣች፣ ሽንት ቤት ጣለችው። እህቴ አልተከላከለችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ገብታ ተኛች።

እንደ አዲስ ተጀመረ። ዶክተሯ እንዳለችው ነው፤ ያለፈው ሁሉ አልተቆጠረልንም። ልቧ ይህን ዙር ይችለው አይችለው፣ ማንም ቃል አልሰጠንም።

አሁንም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ልጇ በሩን ትከፍትልኛለች፤ እህቴ አታናግረኝም። ወንበር ስቤ እቀመጥና ለግድግዳው አወራለሁ። ሰበታ ላይ ስለተወለደው ባለ ሁለት ጅራት ጥጃ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተዋውቀው ተራቸው ሳይደርስ ስለተጋቡት ሰዎች፤ ሁሉንም ዋሽቼ ጨርሻለሁ። ግድግዳው የሚስቅ ቢሆን እስካሁን በፈረሰ ነበር።

ባለፈው እሑድ ወሬዬን ስጨርስ ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጥ አደረግሁ። ዶክተሯ እንዳሳየችኝ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ጣቴ እንደ ሊጥ ገባ፤ ሳነሣው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አብጧል። በደንብ አብጧል።

«ተመስገን» አልኩ።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እግሯን ግን አልሰበሰበችም።